«ሁሉም አላቸው» ለሚል ልጅ የጎረቤት መልስ

«እማዬ፣ ከክፍላችን ስልክ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ።»

ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንቱን ወላጅ እንደረታች ቆጥሮ የጨረሰ የለም። በመስከረም «ዐሥራ አራት ዓመት ሳይሞላህ ስማርት ስልክ የሚባል ነገር የለም» የተባለው ልጅ በጥር ማባበል ይጀምራል፤ በፋሲካ ሰሞን ስልኩ ይገዛለታል። ወላጁ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ልጁም ብዙ ጊዜ አይዋሽም። የክፍል ጓደኞቹ ቀልድ፣ የጨዋታ ቀጠሮ፣ የልደት ጥሪ ሁሉ በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያልቃል። ስልክ ያልያዘው ልጅ በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ የሚስቁበትን ነገር አያውቀውም። እንግዲህ ወላጅ ፊት ሁለት ክፉ ምርጫዎች ይደቀናሉ፦ ልጁን ለስክሪን አሳልፎ መስጠት ወይም ከእኩዮቹ ለይቶ ብቻውን ማስቀረት።

በዚህ ወር ላነሣላችሁ የፈለግሁት ከሁለቱ ውጭ ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ነው። መንገዱ የሚጀምረው ከልጃችሁ መኝታ ቤት ሳይሆን ከጎረቤታችሁ ደጃፍ ነው። ይህን ለማየት እስቲ ወደ ላሊበላና ወደ ላስታ ደጋ አብረን እንውጣ።

ስልክ ለላስታ ቤት ምንድን ነው?

ላሊበላን አብዛኞቻችን የምናውቃት ከዓለት በተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናቷና ታኅሣሥ 29 በሚከበረው የገና በዓሏ ነው። እዚያ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ግን ስልክን የሚያየው ከእኛ ለየት ባለ ዓይን ነው። ከ2013 ክረምት እስከ 2014 ታኅሣሥ ከተማዋ በጦርነቱ መካከል በነበረችባቸው ወራት መብራት፣ ባንክና ስልክ ተቋርጠው ነበር። ሌላ ከተማ ያለ ልጅ የእናቱን ደኅንነት የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረውም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ስልክ ቅንጦት አይደለም፤ «ደኅና ነን» የሚባልበት ገመድ ነው።

ሌላም አለ። ከወሎ ብዙ እናቶችና እህቶች ለሥራ ወደ ዐረብ አገራት ሄደዋል፤ ልጅ የእናቱን ፊት የሚያየው በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ነው። ማስጎብኘትና የሆቴል ሥራ የብዙ ቤት እንጀራ በሆነባት ከተማ ደግሞ ወጣቱ ከውጭ እንግዳ ጋር የሚጻጻፈው፣ ቋንቋ የሚለማመደው በስልኩ ነው። ትምህርት ቤቶች በ2012 መጋቢት በኮሮና ምክንያት ሲዘጉም ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቴሌግራም ዞሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ በግጭቱ ምክንያት በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ቤት ለዋለ ልጅ ስልክ አስተማሪም፣ ጓደኛም፣ ሞግዚትም ሊሆን ይመጣል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው «ስልክ ክፉ ነው» የሚለው ቀላል ምክር ለዚያ ቤት እንደማይሠራ ለማሳየት ነው። ለእኛም ቤት አይሠራም። ጥያቄው በቤት ውስጥ ስልክ ይኑር አይኑር አይደለም። ጥያቄው ስማርት ስልክ በስንት ዓመቱ የልጁ የግል ንብረት ይሁን፣ ማኅበራዊ ሚዲያስ መቼ ይከፈትለት የሚል ነው። በአያቱ ስልክ ከእናቱ ጋር እየተያየ የሚያወራ የዘጠኝ ዓመት ልጅና የራሱን ስልክ ይዞ ብርድ ልብስ ውስጥ ቲክቶክ ሲያገላብጥ የሚያመሽ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስልክን ተጠቅሞበታል። ሁለተኛውን ስልኩ እየተጠቀመበት ነው።

የተከለለ ሣር

ከላሊበላ ከተማ በላይ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ይህ ደጋ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። በክልሉ የዚህ ዓይነቱ ጥበቃ እጅግ የቆየ ምሳሌ ያለው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳ ነው፤ ሕዝቡ ሣሩን በጋራ መጠበቅ የጀመረው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ሣሩ ለጥቂት ዓመታት ይከለላል። ከብት አይገባበትም፤ ማጭድ አያርፍበትም። ሲደርስ በተቆረጠለት ቀን ይከፈትና ሁሉም ገብቶ ያጭዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት መኖ ይሆናል። በወሎ ደጋዎችም የተጎዱ ተራሮችን ከልቅ ግጦሽ ለመከለል ነዋሪው ተሰብስቦ ደንብ ማውጣቱ፣ ጠባቂ መምረጡና መቀጫ መወሰኑ የተለመደ ነው።

የዚህ ሥርዓት ብልሃት ሁለት ነው። አንደኛው አብሮ መከልከል ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን «ሣሩ ይደግ» ብሎ በሬውን ቢያስር የጎረቤቱ በሬ ይበላዋል። የእሱ ከብት ይራባል፤ ሣሩም አያድግም። ሁሉም አብረው ሲያስሩ ግን ያው ትዕግሥት ለሁሉም ሀብት ይሆናል። ሁለተኛው ብልሃት የመክፈቻ ቀን መኖሩ ነው። ክልከላው ዘላለማዊ ቢሆን ኖሮ ሰው በሌሊት ገብቶ ያጭድ ነበር። ቀኑ ስለሚታወቅ ግን መጠበቅ ይቻላል።

ጾምንም ብታስቡት እንዲሁ ነው። በሁዳዴ ልጅ ሥጋ ካልበላሁ ብሎ የማያስቸግረው ፍላጎቱ ጠፍቶ አይደለም፤ የጎረቤቱም ድስት የጾም ስለሆነ ነው።

ስማርት ስልክ ለአንድ ቤት ሳይሆን ለአንድ ክፍል፣ ለአንድ ሰፈር የሚመጣ ነገር ነው። ብቻውን የሚከለክል ወላጅ በሬውን ብቻውን ያሰረውን ገበሬ ይመስላል፤ ልጁ ይቀጣል እንጂ ሣሩ አያድግም።

ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ምን አሉ?

ይህን ነገር በገንዘብ ለክተው ያሳዩ ተመራማሪዎች አሉ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ሊዮናርዶ ቡርስቲንና ባልደረቦቹ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎችን ጠየቁ፦ «ቲክቶክን ለአራት ሳምንት እንድትተው ስንት ይከፈልህ?» መልሱ በአማካይ 59 ዶላር ገደማ ሆነ። ቀጥለው «የትምህርት ቤትህ ተማሪዎች ሁሉ አብረውህ ቢተዉትስ?» ሲሉ ነገሩ ተገለበጠ። ተማሪዎቹ በአማካይ ገንዘብ መቀበላቸው ቀርቶ ሁሉም እንዲተወው 28 ዶላር ገደማ ለመክፈል ፈቃደኛ ሆኑ።

ትርጉሙን አስተውሉት። ብዙዎቹ ቲክቶክ ላይ የተቀመጡት ስለሚወዱት ብቻ ሳይሆን ሌሎቹ እዚያ ስላሉ ነው። አብረው ቢወጡ ደስ ይላቸዋል፤ ብቻቸውን መውጣትን ግን ይፈሩታል። የሃያ ዓመት ወጣት እንዲህ ከሆነ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ «እኔ ብቻ» ሲል ምን ያህል እንደሚከብደው መገመት አያዳግትም።

ስክሪን በልጆች አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት መጠን ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ። በክፍል ውስጥ ትኩረትን መስረቁ ግን ብዙ አያከራክርም። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የትምህርት ሪፖርት ሐሳቡ በስልክ የተበተነ ተማሪ ወደ ትምህርቱ ለመመለስ እስከ 20 ደቂቃ ሊወስድበት እንደሚችል ጠቅሷል። የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ ማለት ነው።

አንድ ከተማ፣ ስምንት ትምህርት ቤቶች

በአየርላንድ፣ ከደብሊን በስተደቡብ፣ ግሬይስቶንስ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አለች። በ2023 እ.ኤ.አ. የከተማዋ ስምንት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የወላጅ ኮሚቴዎች ከርዕሳነ መምህራኑ ጋር ሆነው አንድ ስምምነት አወጡ። ልጆቹ ሁለተኛ ደረጃ እስኪገቡ ድረስ፣ ማለትም እስከ 12 ዓመት ገደማ፣ ቤትም ሆነ ትምህርት ቤት ስማርት ስልክ አይሰጣቸውም። ሕግ አይደለም፤ ቅጣትም የለውም። በፈቃደኝነት የሚገባበት ቃል ነው። ነገር ግን ከተማው በሙሉ ስለሰማው «ሁሉም አላቸው» የሚለው አቤቱታ ጉልበቱ ተሰበረ።

በአሜሪካ ቴክሳስ ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. አንዲት እናት «እስከ 8ኛ ክፍል ጠብቁ» የሚል እንቅስቃሴ ጀመረች። የእሷ ዘዴ ለእኛ ዕቁብና እድር ለምናውቀው ሰዎች በጣም ቅርብ ነው። ወላጅ ቃሉን ይፈርማል፤ ቃሉ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ከዚያው ትምህርት ቤትና ከዚያው ክፍል 10 ቤተሰቦች ሲፈርሙ ነው። ከዚያ በፊት ማንም ብቻውን አይጋለጥም። ዐሥሩ ሲሞሉ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። በእንግሊዝም በ2024 እ.ኤ.አ. በሁለት እናቶች የዋትስአፕ ግሩፕ የተጀመረ ንግግር ወደ አገር አቀፍ የወላጆች ስምምነት አድጓል።

መንግሥታትም ዝም አላሉም። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው የሚከለክለውን ሕግ በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. አጽድቃ ከአንድ ዓመት በኋላ ሥራ ላይ አውላዋለች። ቅጣቱ የሚያርፈው በልጁ ወይም በወላጁ ላይ ሳይሆን በኩባንያዎቹ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ወላጅ «ፌስቡክ ራሱ 13 ዓመት ይላል» ብሎ ይጽናናል። ይህ ቁጥር ግን የመጣው ልጅ መቼ እንደሚበስል ከመረመረ ሐኪም አይደለም። የልጆችን የግል መረጃ ስለ መሰብሰብ በ1998 እ.ኤ.አ. ከወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። የመብሰያውን ቀን መቁረጥ ለእኛ የቀረ ሥራ ነው።

ከቡና ላይ የሚጀመር ስምምነት

እንግዲህ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም። ላሊበላም ሆነ አዲስ አበባ፣ ደሴም ሆነ ባሕር ዳር፣ የሚያሰባስበን ቡናው፣ ማኅበሩ፣ እድሩና የወላጅ ኮሚቴው አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

በሦስት ቤት ጀምሩ። ልጃችሁ በብዛት ከእነማን ጋር ይውላል? የእነዚያን ልጆች እናትና አባት ፈልጉ። አነጋገሩም ወቀሳ አይሁን። «እትዬ፣ ልጆቻችን አብረው ነው የሚማሩት፤ ስማርት ስልኩን እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ብናቆየውስ ምን ይመስልዎታል?» ማለት ይበቃል። ስትጠይቁ ብዙዎቹ ያንኑ ሲያስቡ እንደከረሙና የሚጠይቃቸው አጥተው እንደነበር ትሰማላችሁ።

የመክፈቻ ቀን ቁረጡ። «ስታድግ» የሚለው ቃል ለልጅ መልስ አይደለም። እንደ ጓሳው ሣር ቀኑ ይታወቅ። በእኛ አገር የ8ኛ ክፍል ፈተና፣ ብዙዎቻችን ዛሬም «ሚኒስትሪ» የምንለው፣ ጥሩ ምልክት ነው፤ ልጁ 14 ዓመት አካባቢ ይሆነዋል። ማኅበራዊ ሚዲያ ደግሞ ከዚያም ይዘገይ። ስልክ ማግኘትና ቲክቶክ መክፈት በአንድ ቀን መሆን የለባቸውም።

የቤት ስልክ ይኑር። ለዘመድ ጥሪ፣ ለቤት ሥራ፣ ለመዝሙርና ለፊልም የሚያገለግል አንድ ስማርት ስልክ ሳሎን ውስጥ ይቀመጥ፤ ባለቤቱ ወላጅ ይሁን። ሩቅ የሚሄድ ልጅ ባለ ቁልፍ ስልክ ይያዝ። ይደውላል፣ ይደወልለታል፣ ባትሪውም ለቀናት ይቆያል። በችግር ቀን «ደኅና ነኝ» ለማለት ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ ኢንተርኔት በተዘጋበት ቀንማ መስመር ካለ ስማርቱም የሚሠራው ያንኑ ነው።

ትምህርት ቤቱን በአንድ ድምፅ ጠይቁ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ ማታ ግን የቤት ሥራውን በቴሌግራም ይልካሉ። ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ መልእክት ነው። ወርክሺቱ በወላጅ ስልክ ይላክ፣ ወይም በወረቀት ይሰጥ። አንድ ወላጅ ሲጠይቅ አስቸጋሪ ይባላል፤ ዐሥር ወላጅ ሲጠይቅ የስብሰባ አጀንዳ ይሆናል።

የሰፈሩን ደንብ አንድ አድርጉ። የእናንተ ልጅ ስልክ ባይኖረው እንኳ አጎቱ ቤት ሲያድር ሌሊቱን ሙሉ ስክሪን ላይ ሊያፈጥ ይችላል። «ልጄ እናንተ ጋ ሲመጣ ስልክ አትስጡልኝ» ማለት ነውር አይደለም። ለአያቶችም በአክብሮት አስረዱ። ስልክ ገዝተው የሚመጡ ከውጭ አገር ዘመዶችም ካሉ ሻንጣው ሳይዘጋ ይነገራቸው። በስልኩ ፋንታ ብስክሌት ወይም ኳስ ቢያመጡ የሚያመሰግናቸው አንድ ልጅ ብቻ አይሆንም።

የሚተካውን አዘጋጁ። ይህ ከሁሉም ይበልጣል። የተከለለ ሣር የሚጸናው ከብቱ ሌላ መኖ ሲያገኝ ነው። ላስታ ውስጥ ከነሐሴ 16 ጀምሮ አሸንድዬ ይከበራል። ልጃገረዶች አምረው፣ ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው በቡድን እየዘፈኑ ከቤት ቤት ይዞራሉ። በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይሉታል። በእነዚያ ቀናት አንዲት ልጅ የምታገኘው ነገር ሁሉ፣ መታየቱ፣ መደነቁ፣ ከእኩዮች ጋር መሳቁ፣ አዲስ ዜማ መማሩ፣ ስልኩ «እሰጥሻለሁ» እያለ የሚያባብላት ነገር ነው። ልዩነቱ በአሸንድዬ የሚያያት ሰው ስሟን የሚያውቅ መሆኑ ነው። የከተማ ልጆቻችን አሸንድዬ ምንድን ነው? ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ እግር ኳስ፣ የሰፈሩ ጆተኒ፣ የሥዕል ክፍል፣ አራት ቤተሰብ ተራ በተራ ልጆች የሚያውልበት እሑድ ሊሆን ይችላል። ስልክ ከልክሎ ልጅን ባዶ ሳሎን ውስጥ ማስቀመጥ ግን ቅጣት እንጂ ማሳደግ አይደለም።

ከተሰጠ በኋላስ?

ብዙዎቻችሁ ስልኩን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ይሆናል። ስምምነቱ እናንተንም ያስገባል። ስልኩን መቀማት ሳይሆን ማሻሻል ይቻላል፤ ማታ በሦስት ሰዓት ሁሉም ስልክ፣ የአባትም ጭምር፣ አንድ ቅርጫት ውስጥ ይግባ፤ ቲክቶክና መሰሎቹ እስከ ተቆረጠው ቀን ይነሡ፤ ባለቤትነቱ ወደ ቤት ስልክነት ይመለስ። ታናናሾቹ ደግሞ ከመጀመሪያው በስምምነቱ ይጀምሩ። ታላቅ ወንድም ለምን እንደሆነ ከተነገረው ብዙ ጊዜ ጥሩ ጠባቂ ይሆናል።

እናቱ ሩቅ አገር ያለች ልጅም አለ። ለእሱ የእናቱ ጥሪ ሰዓት የማይነካ ይሁን፤ በአያት ወይም በአክስት ስልክ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ሳይጣደፍ። ስምምነት ማለት ሁሉንም ቤት በአንድ ልክ መቁረጥ አይደለም። ሥርዓቱን አውቆ ለተቸገረ ቤት ቦታ መተው ነው።

«ልጄ ከዘመኑ ወደኋላ ይቀርብኛል» የሚል ስጋትም እሰማለሁ። ኮምፒውተር መማር፣ ኮዲንግ መሞከር፣ እንግሊዝኛ ማዳመጥ በቤት ኮምፒውተር ወይም በወላጅ ስልክ በሰዓት ይቻላል። አንድ ልጅ የቪዲዮ መዓት በአውራ ጣቱ ማንሸራተትን በ14 ዓመቱ ቢጀምረው የሚያመልጠው ሙያ የለም። በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለምደዋል። መጽሐፍ ይዞ አንድ ሰዓት መቀመጥን ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ መልመድ አይቻልም።

ቃል የገቡ ቤተሰቦች መሐል አንዱ ሊሰናከል ይችላል። ሣሩ ላይ በሬ የገባበት ጎረቤት ከእድር አይባረርም፤ ይመከራል፣ በሬው ይወጣል፣ አጥሩ ይጠገናል። እናንተም በየመንፈቀ ዓመቱ ቡና አፍልታችሁ ተጠያየቁ፦ ምን ሠራ? ምን ከበደ? ቀኑ ይሻሻል ወይስ ይጽና? ልጆቹም ይጠየቁ። ከእነሱ ጋር ተመክሮ የወጣ ደንብ ከላይ ከወረደ ደንብ ይበልጥ ይከበራል።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ከጎናችሁ ለሚቀመጠው ሰው ጥያቄውን አንሡለት። ሁለተኛ ሰው ካገኛችሁ ሦስተኛው አይርቅም። ያን ጊዜ ልጃችሁ «ሁሉም አላቸው» ሲላችሁ መከራከር አይኖርባችሁም፤ የሦስት ጓደኞቹን ስም ጠርታችሁ «እነሱም የላቸውም፤ ቅዳሜ ኳስ ይዘው ይመጣሉ» ትሉታላችሁ።